ፊተኛው ረድፍ፣ ደብረ ዘይት ተራራ

እሑድ፣ ታሙዝ 6

የታሙዝ ወር ሙቀት። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል። ሦስተኛ ጊዜ ጠገንኩት፣ ሦስተኛ ጊዜ ሳቀብኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በኢየሩሳሌም መንገድ አውቶቡስ ነድቼ አንድ ቀን ተሳፋሪ ሜዳ ላይ ጥዬ አላውቅም። ቧንቧ ግን አሸነፈኝ።

ከሰዓት በኋላ ዚልፓ ከግቢው ማዶ ጮኸች። "ኡሪኤል! ና፣ ይኼን ቁም ሳጥን ደግፍልኝ!" ታላቄ ናት። አፓ እላታለሁ፤ እኛ የቡኻራ አይሁዶች ዘንድ ታላቅ እህት በስሟ አትጠራም። ባሏ ከሞተ ወዲህ በየበጋው ቁም ሳጥን ታገላብጣለች። ምን እንደምትፈልግ እሷም አታውቅ።

ዛሬ አገኘች። የአባባን የሻይ ቆርቆሮ። ውስጡ ሻይ የለም… አራት ቦታ የታጠፈ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት። "ለጥጥ ነዳፊው ሒልኪያ። ደብረ ዘይት ተራራ፣ ፊተኛው ረድፍ፣ ከቤተ መቅደሱ ስፍራ ትይዩ፣ አንድ መቃብር።" እኔ ከመወለዴ አምስት ዓመት በፊት የተገዛ።

አባባ ሲሞት ከተማዋ በሽቦ ተከፍላ ነበር። ደብረ ዘይት ወዲያ ማዶ ቀርቶ ነበርና እሱን ወዲህ በምዕራብ በኩል፣ ጊቭዓት ሻኡል ቀበርነው። ሽቦው ከተነሳ አርባ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ቦታ ግን በቤታችን ማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እማማም እንኳ። ለምን?

አንድ መቃብር። እኛ ደግሞ ሁለት።

ሰኞ፣ ታሙዝ 7

በጠዋት መጣች። አረንጓዴ ሻይዋን ፉት አለች፣ ፒያላ ጽዋዋን አስቀመጠች።

"የእኔ ነው።"

"ምኑ?"

"ጠፍቶህ ነው? ታላቅ እኔ ነኝ።"

"ወንዱ ልጅ እኔ ነኝ።"

"አንተማ አታምንም! ስትስቅብኝ አይደል የኖርከው?"

እውነቷን ነው። ዕድሜ ልኬን ስቄባታለሁ። ነቢዩ ዘካርያስ እንዳለው በዚያ ቀን የእግዚአብሔር እግሮች ደብረ ዘይት ላይ ይቆማሉ። ሙታን ሲነሱ እዚያ ያሉት ይቀድማሉ። ሌላ ቦታ የተቀበረ ሁሉ ግን፣ በአፓ አነጋገር፣ ምድር ለምድር ተንከባሎ ነው እዚያ የሚደርሰው።

"እኔ በዚህ ጉልበቴ ልንከባለል?" አለች። "ከጊቭዓት ሻኡል እስከዚያ ስንት ፌርማታ ነው?"

"ሃያ ሰባት። መሀል ላይ ደግሞ አውቶቡስ ትቀይሪያለሽ።"

ቁራሽ ዳቦ ወረወረችብኝ።

ከሄደች በኋላ ግን ማሰብ ጀመርኩ… ፊተኛው ረድፍ። ያን ያህል ዘመን ሰው ሳደርስ ኖሬ፣ አንድ ቀን እኔ ቀድሜ ብደርስ ምናለበት? አላምንም። ግን ቢሆንስ?

ሐሙስ፣ ታሙዝ 17

ጾም። የከተማዋ ቅጥር የተጣሰበት ቀን። እስከ ምሳ ሰዓት ጾምኩ፣ ከዚያ ቧንቧውን ስጠግን ውሃ አፌ ገባ። እንዳልገባ ቆጠርኩት።

ትምህርት ቤት ከለቀቅኩ ወዲህ ያልነካሁትን ዘካርያስን አንስቼ አነበብኩ። ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ያ ተራራ በዚያ ቀን መሀል ለመሀል ይሰነጠቃል! ግማሹ ወደ ሰሜን፣ ግማሹ ወደ ደቡብ። ሮጬ ሄድኩ።

"አፓ፣ ቦታው ስንጥቁ ላይ ቢሆንስ? ወገብሽ ሰሜን፣ እግርሽ ደቡብ።"

"አንተን ይሰንጥቅህ!"

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ከዚያ ባሏን አነሳሁ። ሙርዶኻይን ጊቭዓት ሻኡል ጥለሽው ልትሄጂ ነው ወይ አልኳት። ፊቷ ተለወጠ።

"ቢያንስ የእኔ ባል ከጎኔ ሊተኛ ይፈልግ ነበር። የአንተ ሚስት ሃይፋ ከእናቷ ጎን ቅበሩኝ ብላ ነው የሞተችው።"

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ታሙዝ 23

አፓ አታናግረኝም። ማለቴ… እኔ አላናግራትም። ሩዙን በድንብላል ቅጠል አረንጓዴ አድርጋ ሠርታ ሽታው ግቢውን ሞላው። አላቀመሰችኝም። የቆርቆሮ ዓሣ በላሁ።

ዓርብ፣ አብ 3

ገበያ ውስጥ ዋኤልን አገኘሁት። ጋራዥ እያለ የኔን አውቶቡስ ሃያ ዓመት የጠገነ መካኒክ ነው፤ ዛሬ ታክሲ ይነዳል። ቤቱ ራስ አል ዓሙድ ሰፈር ነው፣ ከደብረ ዘይት መቃብር ጎን። ሐብሐብ እየመረጥን ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"ሹፌሩ! አንተም ለቦታ ትጣላለህ? እኔ ኩሽናዬ መስኮት ላይ ሆኜ በየቀኑ አያቸዋለሁ፣ ሙታኖቻችሁን። አያቴ ደግሞ ፊት ለፊታቸው ነው፤ ከቅጥሩ ሥር፣ በተዘጋው በር በኩል። እሱም ያን ቀን ነው የሚጠብቀው።"

"እናንተ ሙስሊሞችም እዚያው ነው የምትጠብቁት?"

"ታዲያ የት ልንጠብቅ ነው? ቴል አቪቭ?"

"እሺ በላ፣ ነቢዩ የተናገረው ግን ለእኛ ነው፣" አልኩት። የአፓን አፍ ተውሼ መሆኑ ነው።

"ሁላችሁም ወረቀት አላችሁ፣" አለ። "እኔ ኩሽናዋ ላይ አንዲት ክፍል ልጨምር ፈቃድ ከጠየቅኩ ዘጠኝ ዓመቴ። ሙታኖቻችሁ ከእኔ የተሻለ ወረቀት አላቸው።"

እየሳቀ ነው ያለው። እኔም ሳቅኩ። አውቶቡስ ላይ ስቀመጥ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ሐብሐቡም ከበደኝ። ስንት ዓመት ስንተዋወቅ አንድ ቀን ቤቱ እንዴት እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

ሐሙስ፣ አብ 9

የታላቁ ጾም ቀን። ቤተ መቅደሱ የፈረሰበት። ምኩራብ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠን ሰቆቃወ ኤርምያስን ሰማን። ዛሬ ሰው ለሰው ሰላም ማለት ክልክል ነው። ደግ ሕግ ነው። ለኮረፉ ሰዎች የተሠራ ይመስላል።

ሲያልቅ ሴቶቹ ወጡ፣ አፓ አልወጣችም። የሴቶቹን መጋረጃ ገልጬ ሳይ ወለሉ ላይ ቀርታለች። ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል። እጇን ዘረጋች፣ ጎትቼ አነሳኋት። ክንዴን ይዛ እስከ ደጇ መጣች። አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ክልክል ነዋ።

እጇ ግን እንዴት ቀሏል…

እሑድ፣ አብ 12

ሳህን ሙሉ አረንጓዴ ሩዝ ይዛ መጣች። ክዳኑን ስታነሳ "ስለ ሚስትህ የተናገርኩት… ጾም ላይ ስለነበርኩ ነው፣" አለች።

"ያኔ እኔ ውሃ ጠጥቼ ነበር፣" አልኳት።

"አውቄያለሁ። ጺምህ ርሶ ነበር።"

ታረቅን። የቦታውን ነገር ግን አልተውንም። የቀብር ማኅበሩ ቢሮ ሄደን ወራሹ ማን እንደሆነ እነሱ ይወስኑ፣ ተባባልን።

ማክሰኞ፣ አብ 14

ጸሐፊው ወጣት ነው፣ ጺሙ ግን የሽማግሌ። ወረቀቱን አየ፣ ካርታ ዘረጋ፣ ጣቱን አሳረፈ።

"ይኼ ቦታ ሰው አለበት።"

"ምን ማለት?" አለች አፓ።

"ተቀብሮበታል።"

"ማን? በማን ፈቃድ?"

እሱ ምን ያውቃል፣ ያኔ አልተወለደ። የድሮው መዝገብ ምድር ቤት ነው፣ ሰኞ ኑ አለ። አፓ ጠረጴዛውን መታች። እኔም መታሁ። "ቦታችን ነው! ማኅተም አለን! ማንም ይሁን ማን፣ ይነሳ!" አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ሙት ይነሳ አልኩ። የማላምነው ሰውዬ!

ሊያረጋጋን ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ "ደግሞ ተንከባሎ የሚመጣው ባሕር ማዶ የተቀበረ ነው እንጂ የኢየሩሳሌም ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው፣" አለ።

"በየትኛው እግሬ?" አለች አፓ።

ወጥተን ፌርማታው ላይ ተቀመጥን። ስትንቀጠቀጥ ካፖርቴን… በበጋ የምን ካፖርት፣ ክንዴን ሰጠኋት። ጠበቃ እንይዛለን አልን። ከወር በኋላ በአንድ ነገር ተስማማን፣ በሌባው። ሁለታችንም ደስ ብሎን ተናደድን።

ሰኞ፣ አብ 20

ከየት ልጀምር?

መዝገቡ አሮጌ፣ ዳሩ አይጥ የበላው። ጸሐፊው በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ወሩ ኪስሌቭ፤ ከተማዋ ተከፍላ የተራራው መንገድ ሊዘጋ ሳምንታት ሲቀሩት ያለው ክረምት። "አንዲት ሴት፣ ሬና። የአባቷ ስም አይታወቅም። ዘመድ የላትም። ባለ ቦታው ሒልኪያ በገዛ ፈቃዱ ለቆላታል።" ከሥሩ ፊርማ። የአባባ። የመጨረሻዋ ፊደል እንደ እግሩ ወደ ግራ ያነከሰች። ሌላ ሰው እንደዚያ አይፈርምም።

አፓ አፏን በእጇ ያዘች።

"ደረጃው ሥር የምትተኛዋ…"

"ማን?"

"ሬና! አንተ ትንሽ ነበርክ። ግቢያችን ደረጃ ሥር የምትተኛ፣ የሰው ልብስ የምታጥብ። የዱባ ፍሬ እየፈለጠች ታበላኝ ነበር። አንድ ቀን ጠፋች። የት ሄደች ብዬ አባባን ጠየቅኩት…"

"ምን አለሽ?"

"'ከሁላችን ቀድማ ሄደች' አለኝ።"

ጸሐፊው መዝገቡን ዘጋ። ይነሳ ብዬ ጠረጴዛ የመታሁባት ሴት… አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ለዋኤል ደወልኩ። መጣ፣ ይዞን ወደ ተራራው ወጣ። አፓን በእነሱ ወግ "ሃጃ" እያለ ክንዷን ደገፈ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ትቆጣ ነበር። የሬና ድንጋይ ተሰብሮ ግማሹ የለም። ስም የለበትም። ከፊቷ ግን ሁሉም አለ፤ ሸለቆው፣ ቅጥሩ፣ የተዘጋው በር፣ ወርቃማው ጉልላት። አባባ ይኼን ሁሉ ገዝቶ ነበር። ይኼን ሁሉ ለልብስ አጣቢ ሰጠ፣ ወረቀቱን ሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ከተተ፣ ዝም አለ። ሰጠሁ ብሎ እንኳ አላወራም።

"አያቴ ያውና፣" አለ ዋኤል በጣቱ እያሳየ። "ፊት ለፊት ናቸው። ያን ቀን ቀና ሲሉ መጀመሪያ የሚተያዩት እነሱ ናቸው።"

"ጨዋ ሰው ነበር?" አለች አፓ።

"ሰካራም ነበር።"

ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች። እንደ ደንባችን ጠጠር አንስታ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች፣ እኔም አስቀመጥኩ። ዋኤል ትንሽ ቆመና እሱም አስቀመጠ።

ስንመለስ ቤቱ አስገባን። ኩሽናዋ በእውነት ጠባብ ናት፣ ሚስቱና ምጣዱ በተራ ነው የሚገቡት። አፓ ግራ ቀኝ አየች። "ዘጠኝ ዓመት?" አለች። "ዘጠኝ፣" አለ። ነቢይ አልጠቀሰችም። የቀረበላትን ሁሉ በላች፣ ከዚያ ጽዋዎቹን ልጠብ ብላ ተነሳች፤ ኩሽናዋ ግን ሁለት ሴት አትይዝም።

እሑድ፣ ኤሉል 3

ቧንቧው ያንጠባጥባል። ዋኤል ነገ መጥቶ አየዋለሁ ብሏል።

የሬና ድንጋይ ዛሬ ቆመ። የምናውቀው ስሟን ብቻ ነው። አፓ የአባት ስም ቦታው ባዶ ይቅር ወይ ስትባል "የሒልኪያ ቤት ጎረቤት ብላችሁ ጻፉ፣" አለች። ጻፉ። ወረቀቱን ወደ ሻይ ቆርቆሮው መለስነው።

ከዚያ ጊቭዓት ሻኡል ሄድን። አባባን ብዙ ጊዜ ጎብኝቼዋለሁ፣ ዛሬ ግን እንደማላውቀው ሰው ቆሜ አየሁት። አፓ፣ ቦታዬ ከሙርዶኻይ ጎን ነው፣ ይብቃኝ አለች። ለእኔ ከአባባ እግር ሥር አንድ ቦታ አግኝተናል። መጨረሻው ረድፍ፣ ከጥዱ ጀርባ። ትይዩው የመኪና ማቆሚያ ነው። ስሜን ሲጽፉ ቅር አላለኝም።

ፌርማታው ላይ ተቀምጠን አውቶቡስ ስንጠብቅ አፓ ጉልበቷን እያሻሸች ነበር።

"ኡሪኤል።"

"አቤት አፓ።"

"ያን ቀን መንገዱን የምታውቀው አንተ ነህ።"

"ሃያ ሰባት ፌርማታ። ዓይኔን ጨፍኜ።"

"እንግዲያው አንተ ምራን። ግን አትቸኩል።"

"ለጉልበትሽ ነው?"

"ለእኔ አይደለም፣" አለች። "አባባ ያነክሳል።"