ለማን እንንገርልዎ?

ጥቅምት 20 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ሸዋ ሮቢት

የጤና ረዳቶቹን የተግባር ሥልጠና ልዘግብ ሄጄ፣ ቁስለኛ የሚሆን ሰው ስለጠፋ እኔው ተጋደምኩ። ከጭነት መኪና ወድቄ እግሬ ተሰብሯል ተባለ። ከሠልጣኞቹ አንዷ፣ ዘይነባ የምትባል የጀውሃ ልጅ፣ እግሬን ከሁለት እንጨት ጋር ጠፍራ አሰረችው። ሳቅ ሲያመልጠኝ፣ "ኧረ ጋሼ! እግሩ የተሰበረ ሰው እንዲህ ይስቃል?" ብላ ተቆጣችኝ።

ቃሬዛው ላይ ካወጡኝ በኋላ፣ እንደተማረችው፣ "ከቤተሰብ ለማን እንንገርልዎ?" አለች።

አፌ ላይ የመጣልኝ የሟች ባለቤቴ ስም ብቻ ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ።

አስተማሪው፣ "በሽተኛው ራሱን ስቷል፤ ተሸከሙት" አላቸው።

መንገድ ላይ ዘይነባ ጎንበስ ብላ፣ "ለልምምድ አይደል? የኔን ስም ይበሉ" አለችኝ በቀስታ።

ዜናውን ሆቴል ገብቼ ጻፍኩ፤ ይህን አላስገባሁም። ነገ ተመላሽ ነበርኩ። ጠዋት ግን ቁስለኛ ያስፈልጋቸው እንደሆነ ሄጄ እጠይቃለሁ።