ታሞ የቀረው ጥሮፊሞስ

ሬክስዴል፣ ቶሮንቶ
ኅዳር 1979 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ዘመድኩን፣

ባለህበት ደብዳቤ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ግን የዋሸሁት በአንተ ሞት ስለሆነ መጨረሻውን ልነግርህ ይገባል።

አምና እዚህ ስገባ፣ ቀድማን የመጣችው እማዬ ኤርፖርት ላይ እንዳቀፈችኝ «ሲሞት ራስጌው ማን ነበር?» አለችኝ።

«እኔ።»

«አፈርስ ማን አለበሰው?»

«እኔ» አልኳት።

ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ «ታናሹ እጅ ላይ ነው ያለፈው» ስትል ዝም ብዬ ሰማሁ። የምትጽናናው በዚህ ብቻ ነበር።

እውነቱን የምናውቀው እኔና አንተ ነን። ሱዳን ጠረፍ ላይ፣ የማሽላ ጠባቂው ጎጆ ውስጥ ወባው ጥሎሃል። የጭነት መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ሾፌሩ ይጮሃል። በብብትህ ይዤ ላነሳህ ስል ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ አንድ ቃል አልከኝ። ጋቢህን አልብሼህ መኪናው ላይ ወጣሁ። ገዳሪፍ በገባሁ በዘጠነኛው ቀን፣ ከኋላ የመጡ ሰዎች መሞትህን ነገሩኝ። ማን እንደቀበረህ እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

ባለፈው ወር የቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች አስተማሪ ጋሽ አምሃ ስለ ጳውሎስ የአገልግሎት ጓደኞች ጽፈን እሑድ እንድናነብ ዕጣ አወጡልን። አብራኝ ለምትማረው ለሣራ ሲላስ ደረሳት፤ ለእኔ ጥሮፊሞስ።

«ማነው እሱ ደግሞ?» አለች ሣራ። «የኔው እስር ቤት ውስጥ ይዘምራል። ያንተው ታሞ ቀረ፣ ዘ ኤንድ! ዕድለኛ ነህ፣ ኢዚ ነው።»

ቀላል አልነበረም። ጥሮፊሞስ የኤፌሶን ሰው ነው። ከጳውሎስ ጋር ባሕር ተሻግሮ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዷል። ከተማው ውስጥ አብረው ስለታዩ ብቻ፣ አሕዛብ የሆነውን ሰው መቅደስ አስገባ ተብሎ ጳውሎስ ተደብድቦ ታስሯል። በዚያ ሁሉ ያልተለያዩ ሰዎች! በመጨረሻ ግን ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ታሞ ሚሊጢን ላይ እንደተወው ይናገራል። ለምን እንደተወው አይልም። አልቅሶ እንደሆነም አይልም። ግን አልዋሸም። ተውኩት አለ።

እሑድ ጽሑፌን ሳነብ እማዬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። «ጥሮፊሞስንም ታሞ ሳለ ሚሊጢን ላይ...» ካልኩ በኋላ አፌ ተሳሰረ።

«ኢዮብ ፍሪዝ አደረገ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ቀጥል ልጄ፣ አንዲት ቃል ናት የቀረችህ» አሉኝ ጋሽ አምሃ።

አልቻልኳትም። ተቀመጥኩ።

ዌስተን መንገድ ላይ አውቶቡስ ስንጠብቅ እማዬ «ምን ነበረች ቃሏ?» አለችኝ።

«ተወው የምትለው። እማዬ፣ እኔም ተውኩት። አልቀበርኩትም። በሕይወት እያለ ነው ጥዬው የሄድኩት። ራሱ ተወኝ ብሎኝ ነው።»

አላለቀሰችም። ያስፈራኝም እሱ ነው።

«እንዴት አድርጎ ነው ያለው? እስቲ እንዳለው በልልኝ።»

ፊቴን ወደ መጠለያው መስታወት አዞርኩና እንዳንተ ጎተትኩት። «ተወኛ...»

«ይሄማ የጠዋቱ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ለትምህርት ቤት ስቀሰቅሰው እንዲህ ነበር የሚለኝ።»

«ከዚያስ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ብርድ ልብሱን ገፍፌ አስነሳው ነበራ!»

አውቶቡሱ መጣ። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን።

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ጠዋት ለሥራ ስትወጣ በሬን ሳታንኳኳ ታልፋለች። ሦስቱንም ቀን ትምህርት ቤት አረፈድኩ።

ዛሬ በሩ ተከፈተ። ነቅቻለሁ፤ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው እንዳዞርኩ ነበር። ብዙ ቆመች። ከዚያ ብርድ ልብሱን ባንድ እጇ ገፈፈችው።

«ተነስ። ረፍዷል።»

ተነሳሁ፣ ዘመድኩን። በሚመጣው እሑድ የቀረችውን ቃል አነባታለሁ። የቀበረህንም ሰው አጠያይቄ ስሙን ለእማዬ እነግራታለሁ።

ጋቢ አልብሶህ የሄደው ወንድምህ፣
ኢዮብ