ለጎጎ ሩት ዘመድ ለነፈጉት ሊቀመንበር

ጆሃንስበርግ፣ ነሐሴ 2013 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ዋረን ፔንሮድ፣
በአሜሪካ፣ በአይዋ ግዛት፣ የአውራጃዎ የትውልድ ሐረግ ማኅበር ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይህ ክፉ ወረርሽኝ ከደጅዎ እንዲርቅ፣ ጉልበትዎም ትንፋሽዎም እንዲበረታ ከልቤ እመኛለሁ። በእንግሊዝኛ የላክሁልዎ ደብዳቤዎች ምንም ያልገቡዎ ስለመሰለኝ፣ ይህንን በአማርኛ ጽፌ የአገሬ ልጆች እንዲያነቡት ፌስቡክ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ ለእርስዎ መቼም ለውጥ የለውም።

ረስተውኝ እንደሆነ፣ እዚህ ጀፕስታውን ሰፈር ጨርቅ የምሸጠው የሆሳዕናዋ ኤርጎጌ ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ ሩት፣ አያታችን፣ የሚላቸው ነጭ አሮጊት ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ዓመታት ኖሬያለሁ። ሎክዳውኑ ሱቄን ዘግቶ ሁለታችንንም ግቢ ውስጥ ሲያስቀምጠን፣ እንደ አገሬ ወግ እስከ ሰባት ቤት ዘራቸውን እንዲቆጥሩልኝ ብጠይቃቸው፣ አያታቸው ሃና ዊትኮም ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሃና የማዕድን መሐንዲስ ባሏን ተከትላ ከአይዋ ወደዚህ የወርቅ ከተማ ስትመጣ፣ ክላራ የምትባል እህቷን እዚያው ትታ ነበር። ጎጎ ሩት አላገቡም፣ አልወለዱም፤ ምኞታቸው ከመሞታቸው በፊት ከክላራ ዘር የአንድ ሰው ድምፅ መስማት ብቻ ነበር። ይህ ምን ይከብዳል ብዬ ወደ እርስዎ መጻፌ ነው እንግዲህ ጥፋቴ።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1. መዝገብ የሚታየው ለተወላጅ ብቻ መሆኑን ገልጸው፣ ለሃና ዊትኮም ምኗ እንደሆንኩ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። የልጅ ልጇ ተከራይ ነኝ ብዬ በቅንነት ብመልስ፣ ይህ ዝምድና አለመሆኑን አስተማሩኝ።

2. ደግሜ ደጋግሜ ብጨቀጭቅዎ፣ ክላራ ዊትኮም የምትባል ሴት ከፈረንጆቹ 1888 ወዲህ በአውራጃዎ እንደሌለች በአንድ መስመር ገላገሉን። እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም የአባቷ ስም እስከ መቃብር አይለያትም፤ የእናንተን ልማድ ባላጣውም፣ ክላራን በአባቷ ስም ብቻ ስፈልጋት ከረምኩ። ሞኝነቴ! አግብታ ይሆናልና በባሏ ስም ፈልጊያት የምትል አንዲት ቃል ጣል ማድረግ ግን ምን ያጎድልብዎ ነበር? ጎጎ ሩት መልስዎን ካነበብኩላቸው ወዲህ፣ ደብዳቤ መጣ ወይ ብለው አልጠየቁኝም።

3. ሰኔ ላይ ጎጎ ሩት ታመው ሆስፒታል ሲገቡ፣ ዘመድ አይደለሽም ተብዬ እዚያም በር ላይ ቀረሁ፤ የሆስፒታሉ ሰዎች ከእርስዎ ጋር ተመካክረው ይሆን እንዴ? ጎጎ ሩት እዚያው አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ የቆምነው ፓስተሩ፣ ነጭ ቱታ የለበሱት ቀባሪዎችና እኔ ነን። የእናቴን ቀብር ባለፈው ዓመት በስልክ ያየሁ ሰው ነኝና፣ የሁለቱንም እንባ እዚያው አወጣሁት። ከዚያ ቤት ገብቼ ለቅሶ ተቀመጥኩ። በሩን የሚያንኳኳ፣ አይዞሽ የሚል አንድ ሰው እንኳ አልነበረም፤ ባዶ ወንበራቸውን እያየሁ ዋልኩ፤ ብቸኝነት እንዲህ እንደሚያንገበግብ አላውቅም ነበር። ለዚህኛው ምስጋና አጣሁልዎ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅበርዎ ብዙ አባላት፣ ለመዝገብ ቤትዎም ከአሁኑ የባሰ ጠንካራ ቁልፍ እየተመኘሁ፣

ለማንም ምንም የማትሆነው ታዛዥዎ፣
ኤርጎጌ ሀቢሶ

ማስታወሻ፦ ከቀብሩ በኋላ ሥራ ስፈታ፣ ኢንተርኔት ላይ በወጣ አንድ የድሮ ጋዜጣ የክላራን ሠርግ አገኘሁት። ያገባችው ኤቨሬት ፔንሮድ የተባለ ባለወፍጮ ነው። ማኅበርዎ ድረ ገጽ ላይ በኩራት ያወጡትን የራስዎን ሐረግም አየሁ፤ ባለወፍጮው ኤቨሬት ቅድመ አያትዎ ነው፤ ከጎኑ ሚስቱ ክላራ ይላል፣ የማን ልጅ እንደሆነች ግን የለም። የዊትኮም ልጅ ናት፣ አቶ ዋረን። ጎጎ ሩት የሥጋ ዘመድዎ ነበሩ። እግዚአብሔር ያጽናዎ፤ ለቅሶውን እስካሁን እኔ ተቀምጬልዎታለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተራው የእርስዎ ነው።