ለቁንዶ በርበሬው ትነግሪው የነበረው

እማዬ፣ የኔ ቆንጆ፣

ከሄድሽ ወዲህ ሁለተኛው የቡና ለቀማ አልቆ ቴፒ እንደገና ጨቅይታለች። አባዬ ኮፊያውን አሁንም ቤት ውስጥ አያወልቅም፤ ራሰ በራነቱን ከእኔ የደበቀ ይመስለዋል። ትናንት ሸለብ ሲያደርገው ወስጄ ለጎረቤት ፍየል ደፋሁላት። አትቆጪኝ፣ አምሮባት ነበር።

የምጽፍልሽ ግን ቀንቼ ነው። በማን ብትይ፣ በቁንዶ በርበሬሽ።

አትሳቂ። ከህንድ፣ ከኬረላ ለማስተማር መጥተሽ የአገርሽን ሐረግ እዚህ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ስታይ እንዳለቀስሽ፣ እሱም ያኔ እንደወደደሽ አባዬ ሁሌ ያወራል። ጓሮ ተከልሽው። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን እየዳበስሽ በማላያላም፣ በእናትሽ ቋንቋ፣ ታወሪው ነበር። ለእኔ የተረፈኝ ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ የምትይበት አማርኛሽ ነው። አስተምሪኝ ስልሽ፣ "ምን ያደርግልሻል? እዚህ ከማን ጋር ልታወሪበት?" ትይኛለሽ። ሐረጉስ ይመልስልሽ ነበር እንዴ?

ሰፈር ውስጥ "ህንዱ፣ እስቲ ዳንስ!" ይሉኛል። በስልክ ደግሞ ዘመዶችሽ "ኢትዮጵያዊው" ይሉኛል። ሁለቱም ጋ ሳሎን የሚቀመጥ እንግዳ ነኝ፤ ጓዳ የሚያስገባኝ የለም።

ባለፈው እህትሽ ሊላ መቃብርሽን ልታይ መጣች። ተደፍታ፣ እኔ በማላውቀው የቁልምጫ ስም ጠራችሽ። የገዛ እናቴን! እሷ በቋንቋሽ ስታለቅስ እኔ አጠገቧ በአማርኛ አፍንጫዬን እጠርጋለሁ። ቤት ስንመለስ ሐረጉን እየዳበሰች ታወራው ጀመር። እሷም? ገጀራ አምጥቼ ከሥሩ ልጥለው ምንም አልቀረኝ።

ከገጀራው ምላሴ ቀደመ። አንቺን አስመስዬ ማውራት ልማዴ አይደል? ቃሉ ሳይገባኝ ድምፅሽን ይዤ ስንቱን አስቄበታለሁ። ሊላን ላናድዳት የአባዬን ፎጣ እንደ ሳሪ ልብስሽ ትከሻዬ ላይ ጣልኩና፣ የጠዋቱን ንግግርሽን ከላይ እስከ ታች ለቀቅኩት።

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች። ለአባዬ በእንግሊዝኛ ነገረችው። እሱም ኮፊያውን አውልቆ፣ አዎ አውልቆ፣ ተረጎመልኝ፦ "ያ ልጄ ዛሬም ዕረፍት ነሳኝ። አንተ ረጋ ብለህ ውጣ፤ እሱ ዛፉን ሳይዝ ነው የሚወጣው። ቢወድቅ ያዝልኝ።"

ለካ ስለ እኔ ነበር። የራሴን ክስ በአፌ ይዤ ነበር ሰፈር ለሰፈር የምዞረው።

ሊላ ሄዳለች። የቁልምጫ ስምሽን ግን ለምኜ አስቀርቼባታለሁ። አሁን ጠዋት ጠዋት ሐረጉ ፊት ቆሜ በእሱ እጀምራለሁ፤ ያቺኑ ንግግር እላለሁ፤ ሊላ በስልክ ያስተማረችኝን አንድ ሁለት ቃል እጨምራለሁ። ዛሬ የፍየሏን ጉዳይ ነገርኩት። ከሳሽ ስለሌለኝ ራሴን እከሳለሁ።

አልረሳሽም፣ እማ። ቅናቴ ግን አልወጣልኝም። እሱ ጠዋቱን ሁሉ ሰምቶሻል፤ እኔ የያዝኩት የአንዱን ነው። ቢሆንም አረሙን እነቅልለታለሁ፣ በበጋም ውሃ አጠጣዋለሁ። ያዝልኝ ብለሽዋላ።

ያ ልጅሽ