ከእትዬ ሳህሊቱ ራስ በላይ የታየው ወይን ጠጅ ብርሃን

ለምወድህ ወንድሜ ለደገፉ፣

ይህች ወረቀት እጅህ ስትገባ የጌታ ሰላም ቀድሟት ቤትህ ገብቶ ይቆይህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገቤን ይዞኛል ብለህ ነበር፤ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ያንን ካርቶን ብቻህን ታነሳለህ? መሰለችስ እንዴት ናት? ናሆም መራመድ ጀመረ ወይ? የሱቃችሁ ሰፈር ሰላም ነው? ሬዲዮው ያለህበትን አገር ስም ባነሳ ቁጥር መላጊያዬን አስቀምጬ እሰማለሁ፤ ክፉ ሳያወራ ሲያልፍ ነው ወደ ሥራዬ የምመለሰው።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ሜላት ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ጥናቱና ጓዳው ተደራርቦባታል፣ ግን አታማርርም። ጓሮ የተከልነው ቦይና ዘንድሮ ደህና ሥር ይዟል። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል። እኔም ለአንድ ትምህርት ቤት ዴስክ እየሠራሁ ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልህ ወደ ዋናው ነገር ለመግባት እጄ አልታዘዝ ስላለኝ ነው።

ባለፈው በሰው እጅ የላክሁልህ ፎቶግራፍ አለህ አይደል? አንተ በላክልኝ ዲጂታል ካሜራ ያነሳሁት፣ እህታችን እትዬ ሳህሊቱ ነጭ ነጠላዋን ተከናንባ ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነውባት የቆመችበት። ስለዚያ ፎቶግራፍ የጻፍኩልህ ልክ አልነበረም። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገርህ።

እህታችን ጡቷ ውስጥ እብጠት እንዳገኘች መስከረም ላይ ነግሬሃለሁ። ኦቶና ሆስፒታል ወስጃት ሐኪሙ ቶሎ መውጣት አለበት፣ ወጥቶም ይመረመራል ብሎ ለጥቅምት ሃያ አራት ቀጠራት። ከዚያ በፊት፣ ጥቅምት ሰባት ዓርብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የአዳር ጸሎት ነበረ። መብራት ስለጠፋ ጄኔሬተር ተነስቶ አንድ ትልቅ ፓውዛ ግቢው ውስጥ ከባሕር ዛፉ ግንድ ላይ ተሰቀለ። ስለ እሷ ሲጸለይ ፓውዛው ከጀርባዋ ነበር። እኔም አነሳኋት። በካሜራዋ ትንሽ መስኮት ሳየው ምንም አላስተዋልኩም። በማግስቱ ኸይሩ ዘንድ ወስጄ አሳጠብኩት፤ ገበያው ጫፍ ፎቶ ቤት ያለው የስልጤው ሰውዬ፣ ታስታውሰዋለህ። ታጥቦ ሲወጣ በፓውዛው ዙሪያ ወይን ጠጅ ቀለበት አለ። በነጠላዋም ጠርዝ፣ ከራሷ እስከ ትከሻዋ፣ ያው ወይን ጠጅ እንደ ጥለት ወርዷል። በዚያ ሌሊት እንዲህ ያለ ቀለም በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም።

ለሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ለጋሽ ሻንቆ ወስጄ አሳየሁ። መነጽራቸውን አውልቀው አንዴ ከቅርብ አንዴ ከሩቅ አዩትና «ይህ የንጉሥ ልብስ ቀለም ነው። የልብሱን ጫፍ ነክታ የዳነችውን ሴት አታስታውስም?» አሉኝ። እሑድ ለምስክርነት ተጠራሁ። አንተ ታውቀኛለህ፣ ሰው ፊት ቆሜ ማስታወቂያ እንኳ አንብቤ አላውቅም። ያን ቀን ግን ምላሴ ተፈታ። «እኛ ያላየነውን ካሜራው አየ፤ የእህቴ ደዌ ተነስቷል» አልኩ። ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ። ሠላሳ ሰው ፎቶውን ፈለገ። በገበያ ሳልፍ የማላውቃቸው ሰዎች ቆመው ሰላም ይሉኝ ጀመር። ደስ አለኝ ደገፉ። ልደብቅህ አልችልም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ጥቅምት ሃያ አራት ጠዋት ኦቶና ልወስዳት ስሄድ እትዬ ሳህሊቱ ጎመን ስትቀነጥስ አገኘኋት። «ጌታ የነካውን ገላ በምላጭ ላስነካ ነው? የመሰከርከው አንተ ራስህ አይደለህ?» አለችኝ። እብጠቱስ አልኳት። «እየሟሸሸ ነው» አለችና ጎመኗን ቀጠለች። ልጫናት አልደፈርኩም። እሷን ብጠራጠር የራሴን ቃል መጠራጠር መሰለኝ። ለአንተም በስልክ ድኛለሁ ብላ እንደነገረችህ፣ አንተም እዚያ ኅብረታችሁ ፊት ፎቶውን ይዘህ ቆመህ እንደመሰከርክ ሰማሁ። ያኔ ፍርሃት ሊጀምረኝ ይገባ ነበር፤ አልጀመረኝም።

ኅዳር ሁለት ማክሰኞ ሌላ ኮፒ ላሳጥብ ኸይሩ ዘንድ ሄድኩ። ፎቶው ያለበትን ካርድ ስሰጠው አልተቀበለኝም። ደንበኞቹ እስኪወጡ ጠበቀና ወንበር ሳበልኝ። «ጋሼ አንጁሎ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። በእምነታችሁ ገብቼ ያሾፍኩ እንዳይመስልህ ፈርቼ ሠላሳውንም አጥቤ አፌን ያዝኩ። አሁን ግን ባለቤቴ ዛራ ሴትዮዋ ሐኪም ቤት መሄድ ትታለች ስትለኝ ምግብ አልበላልህ አለኝ» አለኝ። እስኪመሽ አስቆየኝ። ከዚያ በራሴ ካሜራ፣ ከሱቁ ደጃፍ ሳይርቅ፣ የመስጊዱን አምፖል፣ የነዳጅ ማደያውን መብራትና የቆመ ኢሱዙ መብራት አነሳ። ኮምፒውተሩ ላይ አጉልቶ አሳየኝ። ሁሉም በወይን ጠጅ ተከበዋል።

ኸይሩ እንዳስረዳኝ የትንሽ ካሜራ መስታወት ቀለሞቹን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ማሳረፍ አይችልም። ኃይለኛ ብርሃን ከጨለማ ጋር ሲዋሰን ወይን ጠጁ ከመስመሩ ወጥቶ ጠርዙ ላይ ይፈሳል። ትልልቆቹም ካሜራዎች ቢሆኑ ፈጽመው አያመልጡትም። «ለሠርግ ሲሆን በኮምፒውተር አጠፋዋለሁ፤ ሙሽራ ወይን ጠጅ ፀጉር አትወድም። የእናንተን ግን የጸሎት ነው ብዬ መንካት ፈራሁ» አለኝ። ደግሞ ወደ ኢሱዙው እያመለከተ «ይሄ ሹፌር ትናንት ከሦስት ሰው ጋር ተደባድቧል። የእሱም መኪና ከተቀደሰ ማን ይቀራል?» አለና ወዲያው ይቅርታ ጠየቀኝ።

እኔ አናጺ ነኝ። የቆረጥኩት እንጨት ተጣሞ ሲወጣ ቀድሜ የምመረምረው መጋዙን ነው። ካሜራውን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልመረመርኩም። ለምን ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱ ከሟች ባለቤቴ ከአመነች ጋር ሆነብኝ። እሷን በጊዜ ነው ሐኪም ዘንድ የወሰድኳት፤ ጸለይሁም፤ አልተረፈችም። ለምን ብዬ እግዚአብሔርን ጠይቄ አላውቅም እያልኩ ሁለት ዓመት ኖርኩ። ለካ ስጠይቅ ነው የከረምኩት። ፎቶውን ባየሁ ጊዜ በሆዴ ይኸው መልሱ አልኩ። ለአመነች ያልተሰጠኝን ከእትዬ ሳህሊቱ ላይ ልወስድ ቸኮልኩ። እሱ እንደሚያድን አሁንም አምናለሁ። ያልተናገረውን ያናገርኩት ግን እኔ ነኝ።

ረቡዕ ለጋሽ ሻንቆ ነገርኳቸው። «ሕዝቡ ይሰናከላል አንጁሎ። ለእህትህ በግል ንገራት፣ ይበቃል» አሉኝ። እኔም ቀላሉ መንገድ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ሐሙስ ሄጄ ነገርኳት። አንድ ቃል ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ «በጉባኤ ፊት ድነሻል ብለህ በጓዳ አልዳንሽም ትለኛለህ? በቆምክበት ቦታ ቆመህ ቃልህን መልሰው። ያኔ እሄዳለሁ» አለችኝ። ታውቃታለህ፣ እናታችን ስትሞት ሁለታችንንም በዚያ አንደበቷ ነው ያሳደገችን።

ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ነው። ነገ ልቆም ነው። ሰው አንጁሎ እምነቱን ጣለ ይለኛል ብዬ እፈራለሁ። ከዚያ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ቀኑ ነው። ከቀጠሮዋ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀን ሆኗል። ምግብ ቀርቦልኝ እቆጥራለሁ፣ ጣውላ እየለካሁ እቆጥራለሁ። ሜላት ትናንት «አባዬ፣ ያንኑ እንጨት ሦስቴ ለካኸው» አለችኝ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ወረቀቱን እንደገና ያዝኩ። እሑድ ቆምኩ። ጋሽ ሻንቆ ልቆም እንደሆነ ባወቁ ጊዜ አልከለከሉኝም፤ ራሳቸው ስሜን ጠሩ። የኸይሩን የመብራቶች ፎቶ ይዤ ነበር። ያሰብኩትን ሁሉ ረሳሁና «ያ ቀለም ከመስታወቱ ነው። እህቴ አልዳነችም። ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባት» ብቻ አልኩ። እልል ያለ የለም፣ የተቆጣም የለም። የመዘምራኑ መሪ ዳልጮ ከኋላ «ታዲያ ፎቶውን ምን እናድርገው?» አለ። ፌዝ ይሁን ጥያቄ አልለየሁትም። የታመመች ሴት ፎቶ ነው፣ እያያችሁ ጸልዩላት አልኩት። እትዬ ሳህሊቱ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ ወጣች። ተቀይማ መስሎኝ ተከትያት ሮጥኩ። በር ላይ ጠብቃኝ «ነገ በስንት ሰዓት ነው ካርድ የሚወጣው?» አለችኝ።

ትናንት ሰኞ ኦቶና ሄድን። ሐኪሙ መርምሯት ሲያበቃ ጨምሯል አለ። ቀዶ ሕክምናው ለሐሙስ ሆነ። ከዚያ በፊት ምንም አልነግራችሁም፣ ወጥቶ ሲመረመር ነው የሚታወቀው አለን። ተመልሰን ባጃጅ ውስጥ ስንቀመጥ፣ እየሟሸሸ ነው ብለሽኝ አልነበረ እንዴ አልኳት። ወደ ውጭ እያየች «አልሟሸሸም። በየሌሊቱ እዳስሰው ነበር፣ ያድግ ነበር። አንተ በሰው ፊት እንደዚያ ደስ ብሎህ ቆመህ አይቼህ አላውቅም፤ አመነች ከሞተች ወዲህ ስትስቅም አላየሁህም። ላሳፍርህ አልፈለግሁም» አለችኝ። ባጃጁ ቤቷ በር ደረሰ። ሹፌሩ ውረዱ እንጂ እስኪለን ድረስ ተቀምጬ ቀረሁ።

ስለዚህ ደገፉ፣ ታ እሻው፣ ወንድሜ፣ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ሐሙስ አልፎ በስልክ የሆነውን ሰምተህ ይሆናል። ስልኩ ላይ ስለ ፎቶው አላነሳብህም፤ እሷ አጠገቤ ትሆናለችና። አንተ ግን በዚያ ኅብረት ፊት እንደገና ቁምና ምስክርነትህን መልሰው። አንጁሎ አሳሳተኝ በል፣ ስሜን ጥራ። አፍረህ እንዳትተወው እለምንሃለሁ። ከሚሰሙህ መካከል ሕመሟን እየዳሰሰች ለአንተ ክብር ብላ ዝም ያለች ሴት አትኖርም ብለህ መማል ትችላለህ? እኔ መማል አልቻልኩም።

መሰለችን በጌታ ፍቅር ሰላም በልልኝ፤ ለእህታችን አብራህ ትጸልይ። ናሆምን ግንባሩን ሳምልኝ። ሜላት እጅ ትነሳለች፣ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ካገኘህ አትርሳኝ ትላለች። ጋሽ ሻንቆም ሰላም ብለውሃል። እትዬ ሳህሊቱ ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልህ ሰው እጅ አንድ ጠርሙስ ዳጣ ልካለች፤ «ያቃጥለዋል፣ ትንሽ በትንሽ ይብላ፤ ጨረሰው ብዬ እንዳልሰማ» ብላለች።

እግዚአብሔር በምትወጡበትም በምትገቡበትም ይጠብቃችሁ።

ወንድምህ አንጁሎ

ወላይታ ሶዶ
ኅዳር 9 ቀን 2001 ዓ.ም.