የየኔታ ፊልም ገና አልታጠበም

ሰኞ፣ መጋቢት 3

አሁንም ጭረት። ይኼው ሦስተኛ ፊልሜ ነው። ሦስት መምህራን ለመታወቂያ ተነሥተው ነበር፤ ሦስቱም ግንባራቸው ላይ ነጭ ነጭ መስመር ወርዶባቸዋል። መስመሮቹ የሚጀምሩት ከፊልሙ ዳር ካሉት ቀዳዳዎች ትክክል ነው። መሐሉ ጤነኛ፣ ዳርና ዳሩ ዥጉርጉር። አንደኛው መምህር አየት አደረገና «ዝናብ ላይ ነው እንዴ ያነሳሽኝ?» አለኝ። አብሬው ሳቅሁ። ሲወጣ ግን ፊልሙን እንደገና ብርሃን ላይ ዘረጋሁት።

የጨነቀኝ ለመምህራኑ አይደለም፤ እነሱን ደግሜ አነሳቸዋለሁ። የጨነቀኝ መሳቢያዬ ውስጥ ላለው ፊልም ነው። አባቴ ቡሬ አጠገብ ባለች የገጠር ደብር ቅኔ ያስተምራሉ። እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነው የምላቸው። እዚህ ፍኖተ ሰላም ቤቴ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ከጀመርሁ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ስምንቱንም ዓመት «እኔን ተይኝ» ሲሉኝ ኖሩ። ባለፈው እሑድ ግን ልጠይቃቸው ደብሩ ስሄድ ራሳቸው ወንበር አስወጡና ዋርካው ሥር ተቀመጡ።

«የእናትሽ መልክ እየጠፋብኝ ነው» አሉ። «የኔም እንዳይጠፋብሽ አንድ ጊዜ አንሽኝ። ሁለተኛ ግን እንዳትጠይቂኝ።»

እናቴ አንድ ፎቶ እንኳ ሳትነሳ ነው የሞተችው። የኔታ ቅዳሜ ፎቷቸውን ሊያዩ ይመጣሉ። ጥፋቱን ሳላገኝ ያንን ፊልም አልነካም።

ተጠርጣሪዎች፦ ውኃው። የማጠቢያው መድኃኒት። ፊልሙ። ፊልሙ የሚታጠብበትን ጣሳ አልጠረጥርም፣ አዲስ ነው። አሮጌው የፕላስቲክ ማጠቢያ ፊልሙን ውስጥ ለውስጥ የሚያሽከረክር ዘንግ ከላይ ነበረው፤ ባለፈው ወር ተሰነጠቀ። ይኼኛው ብረት ነው፣ ዘንግ የለውም፣ ራሱን ጣሳውን ነው የሚያንቀሳቅሱት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

ውኃውን ከሰስሁት። የቧንቧው ውኃ ሰሞኑን ድፍርስርስ ብሏል። አፈላሁ፣ አጠለልሁ፣ እንስራ ውስጥ አቀዘቀዝሁ። ለሙከራ የጎረቤቴን በኖራ የተቀባ ግድግዳ አነሳሁ፤ ወጥ ነገር ላይ ጭረት መደበቂያ የለውም። ከዚያ ጓዳዬ ገባሁ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ አጠብሁ።

ጭረት። ግድግዳው የሸንበቆ አጥር መስሎ ወጣ።

በዚያ ላይ ውኃውን ያጠለልሁበት ነጠላ የእትዬ ጥሩ ኖሯል። እትዬ ጥሩ የእናቴ ታናሽ እህት ናቸው፤ ለዓይናቸው ሕክምና መጥተው እኔ ዘንድ ሰንብተዋል። «ዓይኔ ቢደክምም ነጠላዬ ከድስት ሲወጣ አያለሁ» አሉኝ። አጥቤ መለስሁላቸው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 5

መድኃኒቱን ከሰስሁት። ያልተከፈተ ከረጢት ከፍቼ አዲስ በጠበጥሁ። ቴርሞሜትሩ ሃያ እስኪል ጣሳውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ ጠበቅሁ። መድኃኒቱን ከጨመርሁ በኋላም በሙሉ ልቤ ነው ያንቀሳቀስሁት፤ ተናድጄ ነበርና ክንዴ እስኪዝል።

ባሰበት።

ቀትር ላይ ከየኔታ ተማሪዎች አንዱ ለገበያ መጥቶ ጎራ አለ። የኔታ በየቀኑ «ፎቶዬን ላይ ነው» እያሉ ለተማሪው ሁሉ እንደሚያወሩ ነገረኝ። ይኼንን ባልሰማሁ። ስምንት ዓመት እምቢ ያሉ ሰው እንዲህ ይቸኩላሉ?

ዛሬ የተሳካልኝ ነገር ቢኖር እንስራውን ሳልሰብር መዋሌ ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6

ተገኘ። 

የቀረኝ ፊልሙን መክሰስ ነበር። ከሌላ ሱቅ ሌላ ዓይነት ገዛሁ፣ ያንኑ ግድግዳ አነሳሁ። ጓዳዬ ግን ተይዟል፤ እትዬ ጥሩ በርበሬ ሲቀነጥሱ እዚያ መተንፈስ አይቻልም። ፊልሙን መኝታ ቤት ብርድ ልብስ ተከናንቤ ለሁለት ቆረጥሁት፤ አንዱን ጣሳው ውስጥ፣ ሌላውን ጥቁር ወረቀት ውስጥ አስገባሁና በረንዳ ላይ ወጣሁ። የአዲሱ ጣሳ ክዳን ብርሃን አያስገባም፤ ጓዳ የምዘጋው እንዲሁ ከአሮጌው በወረስሁት ልማድ ነው። ሰው እያየኝ ሳጥብ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።

እትዬ ጥሩ አየር ሊቀበሉ ወጡ። ቆመው አዩኝ፣ አዩኝና ሳቃቸው መጣ።

«አንች ልጅ፣ በሁዳዴ ወተት ትገፊያለሽ?»

እጄን አየሁት። ጣሳው ጭኔ ላይ ጋደም ብሏል። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ያለ ፋታ። ልጅ ሁኜ ቅል ስገፋ እንዳደግሁት ማለት ነው። ሳላውቀው ማንጎራጎርም ጀምሬ ነበር።

«ቁርጥ እናትሽን» አሉ። «እሷም ስትገፋ ግራ ትከሻዋን እንዲህ ዘንበል ታደርገው ነበር።»

አሮጌው ዘንግ ዙሪያውን ብቻ ስለሚዞር የእጄን ጉድ ሸፍኖልኝ ኖሯል። አሁን ግን መድኃኒቱ ባንድ መንገድ ብቻ ይመላለሳል። በዳር ቀዳዳዎቹ እየተሽቀዳደመ ሲያልፍ እዚያ እዚያ ላይ ፊልሙን ከልክ በላይ ያበስለዋል፤ ያ ነው ሲታተም ነጭ መስመር የሚሆነው። ትናንት በንዴት ስገፋው የባሰበትም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያውን ቁራጭ አወጣሁት፣ ጭረት። ሁለተኛውን እንዲህ አደረግሁ፦ ጣሳውን ገልብጬ መለስሁ፣ አራት ጊዜ፣ ቀስ ብዬ። አስቀመጥሁት። ደቂቃው እስኪሞላ አልነካሁትም። እንደገና አራት ጊዜ። ከሁሉ የከበደኝ አለመንካቱ ነው፤ እጄ ላይ ተቀመጥሁበት።

ግድግዳው ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ግድግዳ አይቼ አልቅሼ አላውቅም፤ ዛሬ አለቀስሁ። በርበሬውም አግዞኛል። እናቴ ምንም አልተወችልኝም እያልሁ ሳዝን ነበር የኖርሁት። እጇን ትታልኛለች ለካ፤ እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ውኃና መድኃኒት ስከስስ ሰነበትሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 7

የየኔታ ፊልም። ጠዋት ተነሣሁ፣ ከእትዬ ጥሩ በቀር ለማንም በር አልከፈትሁም። እሳቸው አጠገቤ ተቀመጡና ጣሳውን ባስቀመጥሁ ቁጥር የእጄን አንጓ ጨበጥ ያደርጉታል። «ተይ፣ ጦም ነው» ይሉኛል። ሳቄን ስቆጣጠር ደቂቃው ይሞላል።

አሥራ ሁለት ፎቶ። አሥራ ሁለቱም ያለ ጭረት። በሦስቱ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ባንዱ ፍየል አልፋባቸዋለች። ሰባተኛዋ ላይ ግን ቀጥ ብለው እኔን ያያሉ፣ ሊቆጡኝ ይሁን ሊስቁ አይታወቅም። በቤት ውስጥ የማውቃቸው የኔታ እነዚህ ናቸው። እሷን አተምኋት፣ ገመድ ላይ ሰቀልኋት፣ ሳያት ዋልሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8

የኔታ በጠዋቱ መኪና ፍኖተ ሰላም ገቡ፤ ጃንጥላቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ «የታለ?» አሉ። ሰጠኋቸው። ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት፣ ራቅ አደረጉት፣ አቀረቡት።

«ሸምግያለሁ ለካ» አሉ። ቀጥለውም «ጥሩ ነው» አሉ። ከሳቸው ይኼ ብዙ ነው።

የወተቱን ነገር ነገርኋቸው። አሳይኝ አሉ፤ ባዶውን ጣሳ ጭኔ ላይ ጋደም አድርጌ ገፋሁ። ይስቃሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ትከሻዬን ብዙ አዩት። ከዚያ ዞረው በረንዳው ላይ የተቀመጡትን እትዬ ጥሩን አዩ።

«ጥሩ፣ እስቲ ነጠላሽን ከግንባርሽ ገለጥ አድርጊው» አሉ።

ገለጥ አደረጉት።

«ግንባሯ እኮ የእናትሽ ነው» አሉኝ የኔታ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ይኼን ሁሉ ዘመን እንዴት ሳላየው? እሷን አንሽልኝ።»

«ዓይኔ ታሞ እንዲህ ቀልቶ?» አሉ እትዬ ጥሩ።

«ዓይንሽን ማን ጠየቀሽ? እንደ እህትሽ ሳቂልኝ።»

እትዬ ጥሩ ሳቁ። አነሳኋቸው። ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ ያሉኝ የኔታ ደግሞ ሳልጠይቃቸው ወንበራቸውን አንሥተው አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ጥምጥማቸውን አስተካከሉና ዓይናቸውን እኔ ላይ ጣሉ።

ፊልሙ ካሜራው ውስጥ ነው። ዛሬ አላጥበውም። እጄ ደስ ብሎታል፤ ደስ ሲለው ደግሞ ወተት ይገፋል።