የታሸገው የባሕር ጭቃ

ለማከብርህ፣ ባላከብርህም ለምወድህ ወንድሜ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። "ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን" ብዬ እንዳልጽፍ፣ አጎት ጃፋር ለዘመዱም ለቀበሌውም እንዲያ እያሉ ጽፈው ጽፈው ቃሉን ጨርሰውታል። እማን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል። እኔ ቁመት ጨምሬያለሁ፤ አሁን ጆሮዬን ለመቆንጠጥ እጅህን ማንሳት ይኖርብሃል።

በዚህ ክረምት ዓዲ ሓቂ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ለሳይንስ ሥልጠና ገብቻለሁ። አዎ፣ ተመርጬ ነው። ሳቅህን ጨርስና አንብብ። እዚያ የሰጡን ምን መሰለህ? ጭቃ! ከባሕር ወለል ተዝቆ፣ ደርቆ፣ እንደ በርበሬ ተፈጭቶ በፕላስቲክ ዕቃ የታሸገ ጭቃ። ያው አንዱ ጭቃ እየተካፈለ ለብዙ አገር ቤተ ሙከራዎች ይላካል። ሁሉም ውስጡ ያለውን ጨረር ለየብቻው ይለካና ውጤቱ ይነጻጸራል። የማን መሣሪያ እንደሚዋሽ የሚታወቀው እንደዚያ ነው።

አስተማሪያችን መምህር ገዛኢ ይባላሉ፤ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ተቀምጦ መነጽሬን ማን ወሰደው የሚሉ ሰው ናቸው። በሦስት ቡድን ከፈሉንና ሳትነጋገሩ ለኩ አሉን። እኛ ደግሞ ታውቀን የለ፣ በእረፍት ሰዓት ተኮራርጀን ሦስታችንም አንድ ቁጥር ከነነጥቡ ይዘን ገባን። ሙገሳ ስንጠብቅ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። እውነተኛ ልክ ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ እያለ ይቀራረባል እንጂ እንዲህ ቁርጥ አድርጎ አይገጥምም አሉ። እናንተ ጭቃውን አልለካችሁም፣ የተለካካችሁት እርስ በርሳችሁ ነው አሉን።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ቤታችን ትዝ አለኝ።

ያኔ አብሮህ ጀልባ ላይ የተሳፈረው ሰዳም ከየመን ለአጎት ጃፋር ደውሎ ነበር። ብቻውን። ገበያ ካገኙ የራሳቸውን ሠርግ የሚረሱት ሰውዬ ያን ቀን ሱቃቸውን በጠራራ ፀሐይ ዘጉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የእሳቸውና የአክስት ነዒማ ጫማ በአከራያችን በእትዬ ሰርካዲስ በር ላይ ነበር፤ በሩ ተዘግቷል። ከዚያ ወዲህ ስለ አንተ ስጠይቅ አጎት፣ ደውሎ ነበር፣ ሳዑዲ ጂዛን ጋራዥ ገብቷል፣ ስልኩ ተሰብሮበት ነው ይሉኛል። አክስት ነዒማም፣ ደውሎ ነበር፣ ሳዑዲ ጂዛን ጋራዥ ገብቷል፣ ስልኩ ተሰብሮበት ነው። ስለ ዝናብ ሲጠየቁ ስለ ልጃቸው ምርቃት የሚመልሱት እትዬ ሰርካዲስ እንኳ፣ ጓለይ፣ ልጄ ብለው ይጀምሩና አንድ ቃል ሳያዛንፉ ያንኑ ይጨርሱታል።

ከግቢው እንደተመለስኩ ለየብቻ ያዝኳቸው። ሲደውል መጀመሪያ ስለ ማን ጠየቀ አልኳቸው። አጎት፣ ስለ እናቱ አሉ። አክስትም፣ ስለ እናቱ። እትዬ ሰርካዲስ፣ ስለ እናቱ አሉና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

ወንድሜ፣ አንተን እኮ አውቅሃለሁ። አንተ ከእማም ከእኔም በፊት የምትጠይቀው ስለ ነጩ ስኒከርህ ነበር።

በማግስቱ መምህር ገዛኢን፣ ይሄ ጭቃ ከየትኛው ባሕር ነው አልኳቸው። ከቀይ ባሕር፣ ከየመን ትይዩ አሉ። ከፍቼ ልንካው? አይቻልም፤ ውስጡ የተጠራቀመው ጋዝ ካመለጠ ልኩ ይበላሻል። እሺ ብዬ ክዳኑ ላይ እጄን ጫንኩ። ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ እዚያው ቀረሁ። መምህር ወንበር አምጥተው ከኋላዬ አስቀመጡልኝ።

እማ ሦስቱንም አላመነቻቸውም። ሰግዳ ስትጨርስ መስገጃዋ ላይ እንደተቀመጠች ትቀራለች፤ ምግብም እንቢ ብላለች። ትናንት፣ አንቺስ ምን ሰማሽ አለችኝ። በጓደኛዬ ስልክ ደውሎልኝ ነበር አልኳት። ጉንፋን ይዞት ድምፁ ጎርነን ብሏል፤ ስኒከሬን አድርገሽ ቁሓ ድረስ ስትንዘላዘዪ ብሰማ እግርሽን እሰብረዋለሁ ብሏል አልኳት።

እማ ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች። ተነሥታ ስኒከርህን ከአልጋ ሥር አወጣች፣ በሳሙና አጠበችው፣ ቅርጹ እንዳይጠፋ ጋዜጣ ጠቀጠቀችበትና ፀሐይ ላይ አቆመችው። አንቺ እንዳትነኪው፣ ሲመጣ ይጣላሻል አለችኝ። ከዚያ እራት በላች።

አጎት ጃፋር በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። ጉንፋኑን ማን ነገረሽ አላሉኝም። እጃቸውን ራሴ ላይ አሳርፈው ወጡ።

አላህ ለአገርህ ያብቃህ ብዬ ልጨርስ ጀመርኩና ሰረዝኩት። አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ፤ ብርሃን ያድርግልህ፤ ውሃው አይክበድህ።

ጫማህን የማታደርገው
ታናሽ እህትህ